ከርካሽ ሳጥን የሚወጡ የቆዩ የዓለም ሳንቲሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የውጭ አገር ሳንቲም የተከመረበት ሳጥን ውስጥ እጃቸውን ለመክተት ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

ርካሽ ሳጥን የሚባለው ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

አብዛኛው የሳንቲም ሱቅ ጥግ ላይ አንድ ሳጥን ወይም ባልዲ አለው። ሻጩ አንድ በአንድ ለማየት ጊዜ ያላገኘላቸው የውጭ አገር ሳንቲሞች እዚያ ይጣላሉ። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ አንዱን በ25 ሳንቲም፣ አንዳንዴም አምስቱን በአንድ ዶላር ገዝቻለሁ። በክብደት የሚሸጡም አሉ። መንገደኛ ኪሱ ውስጥ ይዞት የተመለሰ ዝርዝር፣ ወታደር ከሄደበት አገር ያመጣው፣ ሰብሳቢ ሲሞት ቤተሰቡ በጅምላ የሸጠው፣ ሁሉም እዚያው ይቀላቀላል።

ከሱቅ ሌላ ፍሊ ማርኬት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ)፣ ጋራዥ ሴል (ሰው የቆየ ዕቃውን ከቤቱ ደጅ የሚሸጥበት) እና የሰብሳቢዎች ትርኢት አለ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ መርካቶ ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን ጠይቁ። ምናለሽ ተራን ቀስ ብሎ ለሚያይ ሰው የማይገኝ ነገር የለም።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

አስር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ማግኔት፣ እና እስከ መቶኛ ግራም የምታነብ የኪስ ሚዛን። ሦስቱም ውድ አይደሉም። ሚዛኗን ግን እንዳትዘሏት። ግማሹን ጥርጣሬ የምትፈታው እሷ ነች።

ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙት። የጣት ላብ የመዳብ ሳንቲም ላይ አሻራ ጥሎ ይቀራል፣ በኋላም አይለቅም።

የየት አገር እንደሆነ እንዴት ነው የማውቀው?

ከምስሉ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። ብዙ አገር ሳንቲሙ ላይ የሚጽፈው እኛ የምንጠራውን ስም አይደለም፣ የራሱን ነው። ሄልቬቲያ ካለ ስዊዘርላንድ ነው። ሱኦሚ ፊንላንድ ነው። ማጅያር ካለ ሃንጋሪ ነው። ቃሉ በላቲን ፊደል ኤስ፣ ኤች፣ ኪው ብሎ ከጀመረ አልባኒያ ነው። ኤች፣ አር፣ ቪ ብሎ ከጀመረ ክሮኤሺያ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ያለችበት ሁሉ ደግሞ የእንግሊዝ አይደለም። ካናዳም፣ አውስትራሊያም፣ ሌሎችም ምስሏን አትመዋል፣ እነሱ ግን የአገራቸውን ስም ይጽፋሉ። የአገር ስም የሌለበት ብዙውን ጊዜ የራሷ የእንግሊዝ ነው።

አንዲት ቃል የምትናገረውን ለማየት የኢጣሊያውን ንጉሥ የቪቶሪዮ አማኑኤሌ ሣልሳዊን ሳንቲም ፈልጉ። ከሳጥኑ አይጠፋም። በፈረንጅ ከ1936 በፊት በታተመው ላይ ማዕረጉ «ሬ» ብቻ ነው፣ ንጉሥ ማለት ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ «ሬ ኤ ኢምፕ» ይላል፣ ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት። ያቺ «ኢምፕ» የመጣችው ሙሶሊኒ ግንቦት 1936 ኢትዮጵያን ያዝኩ ብሎ ካወጀ በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያያት አንዲት ቁራሽ ብረት ላይ የአያቶቻችን የመከራ ዘመን ተቀርጿል። እኔ ባየኋት ቁጥር አነሳታለሁ።

ጽሑፉ ካልተነበበላችሁ ኑሚስታ የሚባለው የሳንቲም መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ፎቶ አስገብታችሁ መፈለግ ይቻላል። የፎቶውን መልስ ግን በክብደትና በስፋት አመሳክሩት። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ሳንቲሞች አንዱ የብር፣ ሌላው የኒኬል ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ የፈረንጅ ካልሆነ ዓመቱን እንዴት አነባለሁ?

ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ግን አንድ ከሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው። ከዐረብኛው እንጀምር። ዜሮዋ ነጥብ ናት። አምስት ክብ ናት፣ ዜሮ እንዳትመስላችሁ። ስድስት የፈረንጁን 7 ትመስላለች። ሰባት ቪ ናት፣ ስምንት የተገለበጠች ቪ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ቢሄድም ቁጥሩ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ገልፍ አገር የሠራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ዓመቱ የሂጅራ፣ ማለትም በጨረቃ የሚቆጠረው የእስልምና አቆጣጠር፣ ከሆነ በ0.97 አባዙና 622 ደምሩ። 1344 የሚል ሳንቲም 1925 ወይም 1926 ላይ ያርፋል። የኢራን ግን ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በፀሐይ ስለሚቆጥር 621 መደመር ብቻ ይበቃል።

የኦቶማን ቱርክ ሳንቲም ብዙ ሰው ያሳስታል። ላዩ ላይ የሱልጣኑ የተጠላለፈ ፊርማ፣ ቱግራ የሚሉት፣ አለ። ትልቁ ቁጥር ሱልጣኑ ዙፋን ላይ የወጣበት ዓመት ነው እንጂ የታተመበት አይደለም። የታተመበትን ለማግኘት የንግሥናውን ዓመት የምትናገረውን ሌላኛዋን ትንሽ ቁጥር ፈልጉ፣ ሁለቱን ደምሩና አንድ ቀንሱ። የዳግማዊ አብዱልሃሚድ ሳንቲም 1293 ብሎ 32 ካለ 1324 ሂጅራ ነው፣ በፈረንጅ 1906 አካባቢ።

የታይላንድ ከሆነ 543 ቀንሱ፤ 2505 ማለት 1962 ነው። የጃፓን ዓመት የንጉሡ ዘመን ነው፤ ሾዋ ከሆነ 1925፣ ሄይሴይ ከሆነ 1988፣ ሬይዋ ከሆነ 2018 ትደምራላችሁ። የእስራኤሉ በዕብራይስጥ ፊደል ይጻፋል፣ ከሙሉው ዓመት 3760 ይቀነሳል። እስራኤል ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ይህን ከኛ ይልቅ ያውቁታል።

የኢትዮጵያ ሳንቲም ከሳጥኑ ይወጣል?

ይወጣል። ያውም ከምታስቡት በላይ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ትንሽ የወረቀት ከረጢት አገኘሁ። ላዩ ላይ በእርሳስ «ሕንድ?» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስር ሳንቲም ነበረች። ጀርባዋ ላይ አንበሳው ሰንደቁን ይዞ ቆሟል፣ ፲፱፻፴፮ የሚለው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሻጩ ፊደሉን አያውቅም፣ ስለዚህ ጥያቄ ምልክት አኑሮ ተወው። እኛ ይህን ፊደል ከሕፃንነት ጀምሮ እናውቀዋለን። ሳጥኑ ፊት ስትቆሙ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። የግዕዝ ቁጥሩ ለረሳችሁ፣ የቀን መቁጠሪያ አንሥታችሁ አንድ ምሽት ተለማመዱ።

አብዛኛው የሚገኘው ይኸው የ1936 ዓ.ም. ሳንቲም ነው፣ በፈረንጅ 1943/44 ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ዓመቱ እዚያው ቆሞ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲታተም ቁጥሩ አልተቀየረም። ስለዚህ 1936 የሚል ሁሉ በዚያ ዓመት የተሠራ አይደለም። አንድ፣ አምስት፣ አስርና ሃያ አምስቱ የመዳብ ቅይጥ ናቸው። ሃምሳው ግን የብር ነው፣ 7 ግራም ይመዝናል። እኔ አንዱን ሃምሳ በ25 ሳንቲም አሜሪካን ገዝቼ ከሱቁ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሃያ አምስቱ ታሪክ ደግሞ ይገርማል። መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር፣ መጠኑም ከሃምሳው ጋር ይቀራረባል። አጭበርባሪዎች ነጭ እየቀቡ እንደ ሃምሳ አሳለፉት። መንግሥት ከዚያ በኋላ ጠርዙን አበባ በሚመስል ቅርጽ ቀየረው። ስሙኒ ሲሏት የሰማናት ያቺ ባለ ጥርስ ሳንቲም እንዲህ ነው የተወለደችው። ክቧን ካገኛችሁ ለይታችሁ አስቀምጧት።

ከዚያ የቀደሙትም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ፲፱፻፳፫ የሚለው የኃይለ ሥላሴ የንግሥ ዘመን ሳንቲም በመቶኛ የተቆጠረ ነው፣ መቶ መቶኛ አንድ ብር። ትልልቆቹ ኒኬል ናቸው፣ ትንንሾቹ መዳብ። የምኒልክ ግርሽ ትንሽ የብር ሳንቲም ነች፣ ፲፰፻፹፱ ወይም ፲፰፻፺፭ ብላ ትገኛለች። ፊት ለፊት አንበሳ ብቻ ያለበት የ1969 ዓ.ም. የደርግ ሳንቲም ግን በብዛት አለ፣ ለትዝታ ካልሆነ አትቸኩሉለት።

ሃምሳ ሳንቲም ለምን ሽልንግ ተባለ? ከሳንቲሙ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው። ከነፃነት በኋላ፣ ከ1941 እስከ 1945 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገበይበት ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በ1945 ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ግማሹ ብር እንግዲህ አንድ ሽልንግ ሆነ፣ ስሙም እዚያው ቀረ።

ያ ሽልንግ ራሱ ርካሽ ሳጥን ውስጥ ሞልቷል። አንበሳ ቆሞ ከኋላው ተራራ ይታያል። ከ1921 እስከ 1946 የታተመው ከብረቱ ሩብ ያህሉ ብር ነው። ከ1948 እስከ 1952 ያለው ምንም ብር የለበትም። መሐሉ ቀዳዳ ያላት፣ በዝሆን ጥርስ የተከበበች ሰፊ የነሐስ አስር ሳንቲምም የዚሁ ቤተሰብ ናት።

ብር ያለበትን ከሌለው እንዴት ልለይ?

ዓመቱን ማወቅ ከሁሉ ይበልጣል። ጥቂቶቹን በቃል ያዟቸው። የእንግሊዝ የብር ሳንቲም እስከ 1919 92.5 በመቶ፣ ከ1920 እስከ 1946 50 በመቶ ነው፣ ከ1947 ጀምሮ የለም። የስዊዝ ግማሽ፣ አንድና ሁለት ፍራንክ እስከ 1967 83.5 በመቶ ነው፤ ቅርጹ ስላልተቀየረ ሻጮች ብዙ ጊዜ አይለዩትም። የፈረንሳይ አምስት ፍራንክ ከ1960 እስከ 1969፣ የሆላንድ አንድ ጉልደን ከ1954 እስከ 1967፣ የምዕራብ ጀርመን አምስት ማርክ እስከ 1974፣ የጃፓን መቶ የን ከ1957 እስከ 1966፣ እነዚህ ሁሉ ብር አላቸው። የሜክሲኮ አንድ ፔሶ ከ1957 እስከ 1967 ትልቅና ከባድ ነው፣ ግን ብሩ 10 በመቶ ብቻ ነው።

ዓይንም ይለምዳል። ብር ሲያረጅ ወደ ግራጫና ጥቁር ይሄዳል፣ ነጭነቱ ለስላሳ ነው። የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ ቢጫ የነካው መልክ አለው። ጠርዙንም እዩ። በቀለም የተሸፈነ ከሆነ የተፋቀው ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ማግኔት ከሳበው ዋጋ የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ማግኔት የሚነግራችሁ ብር አለመሆኑን ብቻ ነው። ብር፣ መዳብ፣ ነሐስ አይሳቡም። ብረት ይሳባል፣ ንጹሕ ኒኬልም ይሳባል። ቅድም ያነሳሁት የ፲፱፻፳፫ የኒኬል ሳንቲም ማግኔት ላይ ይጣበቃል፣ ግን መጣል የለበትም። በተቃራኒው የኢጣሊያ የጦርነት ዘመን የማይዝግ ብረት ሳንቲም አንዳንዱ ይሳባል፣ አንዳንዱ አይሳብም። ስላልተሳበ ብቻ ብር ነው ብላችሁ አትክፈሉ።

1780 የሚል ጠገራ ብር አገኘሁ። ዕድሜው በእርግጥ ያን ያህል ነው?

መሆኑ ያጠራጥራል። ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ገዥ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 ነው። ነጋዴው ሌላ ብር አልቀበልም ስላለ ያው ዓመት እንደተጻፈ ማተሙ ቀጠለ። ከቪየና ሌላ ሚላን፣ ቬኒስ፣ ሮማ፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ታትሟል። ሮማ የገባው በ1935 ነው፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራው ስትዘጋጅ የቅርጹን መብት ከኦስትሪያ ወስዳ። እኛ ዘንድ ይኸው ገንዘብ እስከ 1945 ድረስ ዋና መገበያያ ነበር። አሮጊቶች አንገት ላይ የምናየው ጌጥና መስቀልም ብዙው ከእሱ የቀለጠ ነው። ኦስትሪያ ዛሬም ታትመዋለች።

ስለዚህ ዕድሜውን ሳይሆን እውነተኛነቱን መርምሩ። 28.07 ግራም ገደማ መመዘን አለበት፣ ብሩ 83.3 በመቶ ነው። ከምስሏ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ። ጠርዙ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ቃል ጎልቶ ተቀርጿል። የድሮ ነጋዴዎቻችን የዘውዷንና የትከሻ ጌጧን ዕንቁዎች አስተውለው ካላዩ አይቀበሉም ነበር። የደበዘዘ ዕንቁ ዛሬም መጠርጠሪያ ነው።

አድፏል። ላጥበው?

አትጠቡት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም። እቤታችን የብር ዕቃ ሲጸዳ አይተን ስላደግን እጃችን ይቸኩላል። እኔ አንድ የ1920ዎቹ ሽልንግ በጥርስ ሳሙና ፈትጌ አብረቀረቅሁት። ማጉያ ስር ሳየው ፊቱ በሙሉ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቶ ነበር። አሁንም አለ፣ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። ዕድሜ ያመጣው ቀለም ከተፋቀ አይመለስም፣ ሰብሳቢም ወዲያው ያውቀዋል።

የሚፈቀደው ሁለት ነገር ነው። አፈር ብቻ ከሆነ የተጣራ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉትና ሳትፈትጉ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርቁት። ሙጫ ወይም ከፕላስቲክ ከረጢት የመጣ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር ካለ ንጹሕ አሴቶን ያነሳዋል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አይኑር። ከዚያ በኋላ ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ አትመልሱት፣ ያን አረንጓዴ ያመጣው እሱ ነው።

አሮጌ ከሆነ ውድ ነው?

አይደለም። ከ1,600 ዓመት በላይ የሆናት ትንሽ የሮማ ነሐስ ሳንቲም በጥቂት ዶላር ትሸጣለች፣ ምክንያቱም ብዙ ስለታተመች ብዙ ተገኝታለች። ዋጋ የሚወስነው ስንት ቀረ፣ ምን ያህል ተጎዳ፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል የሚለው ነው። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ስታዩ ደግሞ ሻጩ የጠየቀውን ተዉትና የተሸጠበትን ፈልጉ። ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው።

የምኒልክ ብር በርካሽ አገኘሁ። ልመን?

መጀመሪያ መዝኑት። 28.07 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ብሩ 83.5 በመቶ። ቀጥሎ ፊደሉን አንብቡት። «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»፣ በጀርባው «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ማለት አለበት። ፊደል የማያውቅ ሰው የሠራው ሐሰተኛ እግሩን ወይም አንገቱን የሳተ ፊደል አያጣም። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ዙሪያ መገጣጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ የአረፋ ጉድጓድ ይታያል።

ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ውኃ ተጠቀሙ። ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ታቹን አይንካ። ሚዛኑ ያሳየውን ቁጥር ያዙና የሳንቲሙን ክብደት ለእሱ አካፍሉ። 10.2 አካባቢ ከመጣ ከብሩ ጋር ይስማማል። 8.9 ከሆነ የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ነው። ክብደቱም ተስማምቶ እንኳ ከዳር የብየዳ ምልክት ፈልጉ። ብዙ የምኒልክ ብር ጆሮ ተበይዶለት አንገት ላይ ኖሯል፣ ጆሮው ሲነሳ ጠባሳው ይቀራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ለእኔ ግን ጠባሳው ራሱ የአንዲት እናት አንገት ታሪክ ነው።

የአክሱም ሳንቲም ነው ቢሉኝስ?

ርካሽ ሳጥን ውስጥ የአክሱም ሳንቲም አለ ብላችሁ አትጠብቁ። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ ሰባተኛው ድረስ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ያተመች መንግሥት ነበረች። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ሳንቲሙ ላይ በነበረው ጨረቃ ፈንታ መስቀል ገባ። ሳንቲሞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጽሑፉ ግሪክ ወይም ግዕዝ ነው። ከማይታወቅ ሰው አትግዙ። ሐሰተኛ ካልሆነ ከመሬት የተዘረፈ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቅርስ ነው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። መሬት ስትቆፍሩ ካጋጠማችሁ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ።

ሻጩ ያላወቀውን ውድ ሳንቲም ሳገኝ መናገር አለብኝ?

ሱቅ ከሆነ ዋጋውን ያወጣው እሱ ነው፣ ሳጥኑን ያቀረበውም ሰው እንዲመርጥ ብሎ ነው። መግዛቱ ነውር አይደለም። ሻጩ ከጠየቃችሁ ግን አትዋሹ። የባሏን ዕቃ የምትሸጥ ሴት ወይም አንድ ሽማግሌ ከሆኑ ነገሩ ይለያል። እነሱ ነጋዴ አይደሉም። «እማማ፣ ይህቺ የብር ነች፣ ከሌላው ለይተው ያስቀምጧት» በሏቸው።

ፊቱ ሙልጭ ብሎ ካለቀ ማወቅ ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ይቻላል። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል አድርጋችሁ አብሩበት። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከፊት የጠፋው ፊደል በጥላው ይመለሳል። ካልሆነ ስስ ወረቀት ጣል አድርጉበትና በእርሳስ አግድም ጥላሸት ስጡት። ከዚያ ክብደቱንና ስፋቱን መዝገቡ ውስጥ ፈልጉ።

አንዲት የመዳብ ሳንቲም ሁለት ዓመት ፖስታ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ምንም አይታይባትም። አንድ ማታ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ሳዞራት ከታች በኩል ፴ ብቅ አለች፣ አጠገቧ ደግሞ የ፮ ጭራ። አንድ ሳንቲም ነች፣ የኃይለ ሥላሴ።